ከወፍጮ ድንጋይ እስከ መጽሐፈ ምሥጢር

ሐምሌ 7 ቀን ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የቅድስት ሥላሴን ዓመታዊ በዓል በታላቅ ድምቀት የምታከብርበት ዕለት ነው። በዓሉ፣ በአካል ሦስት በመለኮት አንድ የሆነ አምላክ በመምሬ ዛፍ ሥር ተገልጦ በአብርሃም ድንኳን በእንግድነት የተስተናገደበትን ቀን ያስታውሰናል። በዚሁ ዕለት የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዕረፍትም ይታሰባል። ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምር፣ ሲጽፍና ስለ እርሱም ሲከራከር የኖረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ከዚህ ዓለም ድካም ያረፈው ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም ነውና።

ስለ አባ ጊዮርጊስ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የድርሰቶቹ ብዛትና የምሥጢራቸው ጥልቀት ነው። እኛ ግን በዛሬው በዓል ልናነሣ የወደድነው ከዚያ በፊት ያለውን ነገር ነው፤ ይኸውም ቃል ባልመጣለት፣ ልቡናውም ባልበራለት ዘመን ምን ያደርግ እንደ ነበር ነው። ነገሩ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። ወጣቱ መዝሙር ሊደርስ፣ ሰባኪው ትምህርቱን ሊያሰናዳ፣ የቅኔ ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር፣ አባትም ርቆ ለሚኖር ልጁ የምክር ደብዳቤ ሊጽፍ ይቀመጣል። ወረቀቱ ግን ባዶ፣ ልቡም ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ መንፈስ እስኪያነሣሣን እንጠብቅ ብለን ብዕራችንን እናስቀምጣለን። ቀን በቀን ላይ ሲደራረብም ከመጀመሪያው አልተሰጠንም ብለን እንተወዋለን። የአባ ጊዮርጊስ ሕይወት ለዚህ ፈተና መልስ አለው።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም ገደማ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር፣ በቦረና አካባቢ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን መጻሕፍትን የተማረ፣ በቤተ መንግሥቱ ድንኳን ቤተ መቅደስ ያገለግል የነበረ ካህን ነው። ልጁ ዕድሜው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወስዶ ለእግዚአብሔር ሰጠው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ማለትም ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ነበረ። ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጀምሮ ብዙ አበውን ያፈራ ቦታ ነው። የሊቅ ልጅ በሊቃውንት መካከል ገባ፤ ሁሉም የአባቱን ፈለግ በፍጥነት ይከተላል ብሎ ሳይጠብቀው አልቀረም።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ገድሉና የአበው ትውፊት እንደሚተርኩት፣ ሕፃኑ የተነገረውን አይዝም፣ የያዘውም አይቆይለትም ነበር። ጓደኞቹ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ እርሱ በነበረበት ቀረ። መምህሩ አባ ሠረቀ ብርሃን ዘመኑ በከንቱ እንዳያልፍ አዝኖ ልጁን እንዲወስደው ለአባቱ አስታወቀ። ሕዝበ ጽዮን ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ስጦታ መልሼ አልወስድም፣ ባይማር እንኳ የገዳሙ አገልጋይ ይሁን በማለት ልጁን እዚያው ተወው።

በዚህ ስፍራ ጥቂት እንቆይ። ያ አባት በልጁ ስንፍና አፍሮ ወደ ቤቱ ቢመልሰው ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ምን ታጣ እንደ ነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ልጅን ከእኩዮቹ ስለ ዘገየ ብቻ የማይረባ አድርጎ መቁጠር ቀላል ነው። ሳያፍሩና ሳያስገድዱ በቦታው እንዲቆይ መርዳት ግን እምነትን ይጠይቃል። ደራሲ በብቸኝነት ይጽፋል ቢባልም፣ በስተኋላው እንዳያቋርጥ ያጸናው ሰው አይታጣም።

ጊዮርጊስም በገዳሙ በጉልበቱ እያገለገለ ቆየ። ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ እህል መፍጨት ነበር። በድንጋይ ወፍጮ ተንበርክኮ መፍጨትን ያየ ሰው ምን ዓይነት ድካም እንደ ሆነ ያውቃል። ወገብ ይሰብራል፣ እጅ ያቆስላል። የዛሬው ዱቄት ዛሬ ይበላል፣ ነገ ደግሞ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ልጁ ግን ቀን ለመነኮሳቱ ምግብ ሲደክም፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ዕውቀትን እንድታሰጠው ያለቅስ ነበር። ይህም ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ሳይሆን ለሰባት ዓመታት የዘለቀ እንደ ነበር ይነገራል። ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም ፍሬ ሳያይ ጸሎቱንም ወፍጮውንም አላቋረጠም።

ከዚያ በኋላ እመቤታችን ተገለጠችለት፤ በእርስዋም ትእዛዝ ቅዱስ ዑራኤል ጽዋዓ ልቦናን አጠጣው። በአብያተ ክርስቲያናችን በቅዱስ ዑራኤል ሥዕል ላይ የምናየው ጽዋ ይህንንም ያስታውሰናል። ከዚያች ቀን ወዲህ ልቡናው በራ፤ ተምሮ ያልያዘውን መጽሐፍ ሁሉ ተረዳ። እንግዲህ ጸጋ የድካም ደመወዝ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። ሰባት ዓመት ስለ ፈጨ ጽዋው እንደ ዕዳ አልተከፈለውም፤ ስጦታ ነው። ነገር ግን ስጦታው በመጣ ጊዜ ተቀባዩ በቦታው ተገኝቷል።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ከጽዋው በኋላ ድርሰቱ ያለ ድካም እንደ ውኃ የፈሰሰለት ይመስላቸዋል። የአባ ጊዮርጊስን መጻሕፍት ሥርዓት ለተመለከተ ሰው ግን እውነቱ ከዚህ የራቀ ነው። ጽዋው ዕውቀትን ሰጠው እንጂ ሥራን አላስቀረለትም።

አስቀድመን ሰዓታቱን እንመልከት። ማኅሌት በማይቆምበት ሌሊት ካህናቱ የሚያደርሱት፣ በተለይም በዐቢይ ጾምና በጾመ ፍልሰታ ሌሊቱን የሚያነጋው ይህ ጸሎት በየሰዓቱ የተከፈለ ነው። ለሌሊቱ የሌሊቱ፣ ለቀኑም የቀኑ ድርሻ አለው። እመቤታችንን የሚያመሰግንበት አርጋኖን ደግሞ ለሰባቱ ዕለታት የተመደበ ነው፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ ይነበባል። ታላቁ ድርሰቱ መጽሐፈ ምሥጢርም በዓመቱ በዓላት እንዲነበቡ ተለይተው የተዘጋጁ ድርሳናትን የያዘ ነው። ሰዓት፣ ዕለት፣ ዓመት፤ ደራሲው ቃሉን ያደላደለው በእነዚህ ነው። ሰኞ ልብ ቢሞቅም ባይሞቅም ይመጣል። ለሰኞ ምስጋና የሚያዘጋጅ ሰው ደስ ያለውን ቀን ብቻ መርጦ ሊሠራ አይችልም። በወፍጮው ሥር የለመደው የዕለት ድርሻ በብርዑም ላይ የቀጠለ ይመስለናል።

የዚያ ዘመን የመጽሐፍ ሥራ ራሱ ይህንኑ ያስተምር ነበር። የፍየሉ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ይነሣል፣ ደርቆም በልክ ይቆረጣል። በወስፌ ተበስቶ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተወቅጦ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ቀዩ ደግሞ ለቅዱሳት ስሞች ይዘጋጃል። ብርዑም ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል። አንዲት ቃል ከመጻፏ በፊት ይህን የሚያህል የእጅ ሥራ አለ። ብራና የሚፍቅ ሰው ልቡ እስኪነሣሣ አይጠብቅም፤ እየፋቀ ሳለ ግን ልቡ ለቃሉ ይዘጋጃል። ዛሬም ቃል በጠፋ ቀን የሚሠራ ሥራ አይጠፋም። የተጻፈውን መገልበጥ፣ የአበውን መጽሐፍ ማንበብ፣ ያለፈውን ማረም፣ ለነገ የሚሆነውን ማሰናዳት የብራና ፍቀት ያህል ናቸው።

አባ ጊዮርጊስ የጻፈው በጸጥታና በምቾት ዘመንም አልነበረም። በዐፄ ዳዊት ዘመን በቤተ መንግሥት በነበረ ጊዜ ቢቱ ከተባለ ሰው ጋር ስለ ሃይማኖት ብርቱ ክርክር ገጥሞታል። በሐሰት ተከሶ መታሰሩንና መከራ መቀበሉንም ገድሉ ይተርካል። የነገሥታት ፊት ሲበራለትም ሲጠቁርበትም አየ። ሆኖም ውዳሴ መስቀልን፣ ፍካሬ ሃይማኖትን፣ እንዚራ ስብሐትንና ሌሎችንም ድርሰቶች ትቶልን አልፏል።

መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸመው በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት፣ በ1416 ዓ.ም በወርኃ ሰኔ ነው። አርዮስን፣ ሰባልዮስን፣ ንስጥሮስንና ሌሎችንም መናፍቃን፣ በዘመኑ የነበረውን ቢቱንም ጭምር እየጠቀሰ መልስ የሰጠበት ይህ ግዙፍ መጽሐፍ የወጣትነት ፍሬ አይደለም። ደራሲው ወደ 60 ዓመት ሲጠጋ የተጠናቀቀ ነው። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም ዐረፈ። ፊደል አልገባው ብሎ ከትምህርት ቤት ሊመለስ የነበረው ልጅ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ብርዑን አላስቀመጠም።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ለሥራችን ሰዓት እንወስን። ጸሎት ሰዓት አለው፤ ጾምም ወራት አለው፤ ለጽሑፍም እንዲሁ ይሁን። ሁለተኛ፣ ድርሻችንን በልክ እናድርግ። አርጋኖንን በአንድ ቀን እንጨርስ የሚል የለም፤ የዕለቱን ለዕለቱ ያደረሰ ሳምንቱን ይፈጽማል። ሦስተኛ፣ ደረቅ ልብን እንደ ፍርድ አንቁጠረው። በአባ ጊዮርጊስ ላይ የደረሰው የሰባት ዓመት ድርቀት መንገዱ እንጂ ፍጻሜው አልነበረም። ከሁሉም በላይ፣ ስንሠራ እንጸልይ፣ ስንጸልይም ሥራችንን አንተው፤ ሁለቱን ለይቶ አንዱን ብቻ የመረጠ ሰው ጉዞው ያነክሳል።

አብርሃም እንግዶቹ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጡ አያውቅም ነበር። ነገር ግን በቀትር ፀሐይ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ተገኘ፤ በቤቱም ሣራ አቡክታ የምትጋግረው ዱቄት አልታጣም። ባዶ ወረቀት ፊት የሚቀመጥ ሰውም የቃሉን መምጫ ሰዓት አያዝዝም። ደጃፉን ክፍት ማድረግና ዱቄቱን ማዘጋጀት ግን የእርሱ ፈንታ ነው። በዛሬው ዕለት በየቤታችን በዓሉን ስናከብር፣ ከትምህርቱ ዘግይቶ የተከፋ ልጅ ካለ የአባ ጊዮርጊስን ታሪክ እንንገረው፤ ጀምረን ያቋረጥነው ጽሑፍም ካለ ነገ በሰዓቱ እንመለስበት።

የቅድስት ሥላሴ ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የአባ ጊዮርጊስም በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።