የፔኒሲሊንን ምስጢር የገለጡት ዶክተር ዶሮቲ ሆጅኪን

ሻጋታ ሲባል በእንጀራና በዳቦ ላይ ወጥቶ ተጠርጎ የሚጣል ነገር ብቻ መስሎ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን ከዚሁ ከሻጋታ ወገን አንዱ፣ ቁጥር የሌለው ሕዝብ ያዳነውን ፔኒሲሊንን ሰጥቶናል። ይህን መድኃኒት በ1928 ዓ.ም. ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ መሆናቸውን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የመድኃኒቱ አቶሞች እንዴት እንደ ተያያዙ መርምረው የገለጡትን ሴት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የዶክተር ዶሮቲ ሆጅኪንን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶሮቲ ከእንግሊዛውያን ወላጆች በ1910 ዓ.ም. በካይሮ ተወለዱ። አባታቸው በግብጽና በሱዳን በትምህርት ሥራ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ዶሮቲ በልጅነታቸው ወደ ካርቱም በሄዱ ጊዜ፣ የቤተ ሰባቸው ወዳጅ የሆኑ አንድ የአፈር ኬሚስት የማዕድን መመርመሪያ ቅመሞችን ሰጧቸው። በእንግሊዝ አገር በተማሩበት ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የወንዶች ትምህርት ነበር፤ ሆኖም እርሳቸውና አንዲት ጓደኛቸው ተፈቅዶላቸው ከወንዶቹ ጋር ተማሩ። በ1932 ዓ.ም. ከኦክስፎርድ በከፍተኛ ማዕርግ ተመርቀው ወደ ካምብሪጅ ሄዱና በኤክስሬይ ክሪስታልን መመርመር ሠለጠኑ።

የዚህ ሙያ ነገር እንዲህ ነው። በጨውና በስኳር ቅንጣት እንደሚሆነው፣ በክሪስታል ውስጥ አቶሞች እንደ ወታደር ሰልፍ ተደርድረው ይገኛሉ። ኤክስሬይ በመካከላቸው ሲያልፍ ይበተንና በፎቶግራፍ ፊልም ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ከነጠብጣቡ ቦታና ድምቀት ተነሥቶ የእያንዳንዱን አቶም ስፍራ በሒሳብ ማግኘት ይቻላል፤ ሒሳቡ ግን የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ድካም ነው። ዶሮቲ በ24 ዓመታቸው ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ያዛቸው፤ ጣቶቻቸውም እየጎበጡ ሄዱ። እርሳቸው ግን በነዚያው ጣቶች ዓይን በጭንቅ የሚያያቸውን ክሪስታሎች እያነሡ ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1941 ዓ.ም. በኦክስፎርድ አንድ ፖሊስ በፔኒሲሊን ታክሞ ሊድን ከተቃረበ በኋላ መድኃኒቱ ስላለቀ ሞተ። ሻጋታው የሚሰጠው እጅግ ጥቂት ነበርና የእንግሊዝና የአሜሪካ ሊቃውንት መድኃኒቱን ያለ ሻጋታ በፋብሪካ ለመሥራት ተመኙ። ለዚህ ደግሞ አሠራሩን ማወቅ ግድ ነበር። የታወቀው የፔኒሲሊን ዓይነት በጠቅላላው 41 አቶሞች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ምርመራው ግን አስቸጋሪ ሆነ፤ በውስጡ ድኝ መኖሩ እንኳ የታወቀው በ1943 ዓ.ም. ነው።

ስለ አቶሞቹ አያያዝ ሊቃውንቱ ተከራከሩ። ኤርነስት ቼይንና ኤድዋርድ ኤብራሃም አራት አቶሞች የሠሩት ጠባብ ቀለበት በውስጡ አለ አሉ። በዘመኑ ስማቸው የገነነው ሰር ሮበርት ሮቢንሰን ግን ይህን አልተቀበሉም። ከኬሚስቶቹ አንዱ፣ ነገሩ እንዲያ ከሆነ ኬሚስትሪን ትቼ እንጉዳይ አበቅላለሁ ብለው ነበር ይባላል። ዶሮቲና ረዳታቸው ባርባራ ሎው ለክርክሩ በቃል መልስ አልሰጡም። የፔኒሲሊንን የፖታሲየምና የሩቢዲየም ጨው በኤክስሬይ መረመሩ፤ በሌላ ስፍራም ቻርልስ በን የሶዲየሙን ጨው መረመሩ። በ1945 ዓ.ም. ውጤቱ ሲገናኝ ሦስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን ያሉት ቀለበት በግልጽ ታየ። ክርክሩም በዚያው አበቃ።

የመድኃኒቱ ኃይል ያለው በዚህ ቀለበት ነው። ቀለበቱ እንደ ተወጠረ ቀስት በቀላሉ ስለሚከፈት፣ ባክቴሪያ የአካሉን ግድግዳ የሚሠራበትን ኤንዛይም ይዞ ሥራውን ያስቆማል። ፔኒሲሊን በ1957 ዓ.ም. ያለ ሻጋታ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ለገበያ የሚውለው ዛሬም ከሻጋታ ይገኛል። እውቀቱ የጠቀመው በሌላ በኩል ነው፤ የሻጋታውን ውጤት በኬሚስትሪ እያሻሻሉ በ1961 ዓ.ም. እንደ ወጣው እንደ አምፒሲሊን ያሉ አዳዲስ መድኃኒቶችን ለማበጀት አስችሏል።

ዶክተር ዶሮቲ በ1956 ዓ.ም. የቫይታሚን ቢ 12ን አሠራር ገለጡ፤ በ1964 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በወጣትነታቸው የጀመሩትን የኢንሱሊን ምርመራ የፈጸሙትም ከ30 ዓመት በላይ ደክመውበት በ1969 ዓ.ም. ነው። በ1994 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።

በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት፣ የታላቅ ሰው አስተያየትና የወጣት ሠራተኛ ማስረጃ የሚጋጩበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ታላቁን ማክበር ተገቢ ነው፤ ማስረጃውን መደበቅ ግን አይገባም። ዶሮቲ ሆጅኪን ማንንም ሳይዘልፉ ያዩትን አሳዩ፤ በዚህም በሽተኛው ተጠቀመ።