ዶክተር አክሊሉ ለማና እንዶድ

እንዶድን የማያውቅ ማን አለ? እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት እያየን ነው ያደግነው። እንዶድ ከበሽታም እንደሚያድን ለዓለም ያሳዩት ወገናችን ማን እንደሆኑ ግን የምናውቅ ጥቂት ነን። ስለዚህ ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። አሜሪካ አገር ተምረው፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ያጠኑ ነበር። የዚህ በሽታ ትል እንቁላሉ ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በዓይን አይታይም። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ግን የበሽታው መንገድ ይቆረጣል።

ታዲያ ዶክተር አክሊሉ ወንዝ ዳር ምን አዩ? ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አገኙ። ይህን ስንቱ አይቶ አልፎታል! እሳቸው ግን ለምን ብለው ጠየቁ። ደርቆ የተፈጨ የእንዶድ ፍሬ በውሃ ሲበጠበጥ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በሙከራ አረጋገጡ። በ1966 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቋሙ። አድዋ ላይ አምስት ዓመት በተደረገ ሙከራ፣ ከሕፃናት በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። የውጭ ባለሙያዎች በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተሠራ ጥናት አይበቃም ብለው ምርመራው በነሱ አገር እንዲደገም ጠየቁ። በዚህ ብዙ ዓመት ባከነ። እሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም። በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 አረፉ።

ይህ ታሪክ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሸዋ ሮቢት ነው፤ በአካባቢው ቢልሃርዚያ መኖሩ በጥናት ታውቋል። ከመካከላችን ሮቢ ወንዝ ስንዋኝ ያደግን አለን። ያኔ ማንም አላስጠነቀቀንም። ነገ የምናስተምራቸው የይፋት ቆላ ልጆችም እንደኛ ሳያውቁ ይግቡ?

የምንመደብበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ላይኖረው ይችላል። ዓይንና ደብተር ግን አይጠፋም። ተማሪዎቻችን ውሃው ውስጥ ሳይገቡ፣ ከዳር ሆነው፣ ቀንድ አውጣ የቱ ጋ እንደሚበዛ ይመዝግቡ። የመንደሩ ሰው የቱ ጋ እንደሚታጠብና የት እንደሚጸዳዳ ጠይቀው ይጻፉ፤ ያገኙትንም ለጤና ጣቢያ እናድርስ። እንዶድን ግን በዘፈቀደ ወንዝ ውስጥ አንጨምር፤ ዓሣም ይገድላልና።

ምርምር የሚጀምረው ሁሉም አይቶ ያለፈውን ለምን ብሎ ከመጠየቅ ነው። እኛም እንጠይቅ፤ ልጆቹንም መጠየቅ እናስለምዳቸው!