ፈታሹን ማን ይፈትሸው? የአድሚራል ግሬስ ሆፐር ሕይወትና ሥራ

በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ውስጥ የግሬስ ሆፐርን ስም ያልሰማ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ግን ስማቸውን የምናያይዘው ከአንዲት የእሳት እራት ጋር ብቻ ነው። እራቷ ማሽን ውስጥ ገብታ ሞተች፣ «ባግ» የሚለው ቃል ከዚያ መጣ፣ ወሬው አለቀ። የሴትዮዋ ታሪክ ግን ከዚያ እጅግ ይሰፋል። በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን ባጭሩ እያየን፣ እግረ መንገዳችንን ፕሮግራም ለሚጽፍ ሁሉ ራስ ምታት የሆነ አንድ ጥያቄ እናነሳለን። ፕሮግራማችንን የሚፈትሽልን ፕሮግራም ራሱ ቢበላሽ ምን ይውጠናል?

ልደትና ትምህርት

ግሬስ መሪ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ የቤቱን የደወል ሰዓቶች አንድ በአንድ ፈታትተው ስለጨረሱ፣ እናታቸው ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ፈቀዱላቸው ይባላል። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 ሁለተኛ፣ በ1934 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በሒሳብ አገኙ። ሆፐር የሚለው የባለቤታቸው ስም ነው። በተማሩበት በቫሳር ማስተማር የጀመሩት ዶክትሬታቸውን ከማግኘታቸው በፊት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም፣ በ1943 መጨረሻ የአሜሪካን የባሕር ኃይል ተቀላቀሉ። ክብደታቸው ከሚፈለገው በታች ስለነበር የገቡት በልዩ ፈቃድ ነው።

በሐርቫርድ

በ1944 የተመደቡት በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሐዋርድ ኤይከን በሚመሩት ቡድን ውስጥ ነበር። እዚያ ያገኙት ማርክ 1 ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ የሆነ፣ ትእዛዙን ከተበሳ ወረቀት የሚያነብ ማሽን ነው። ሥራው ለጦርነቱ የሚያስፈልግ ስሌት ስለነበር ቀንና ሌሊት አይቆምም። ስሌቱ ከተሳሳተ ጦር መሣሪያው ዒላማውን ይስታል፤ ቀልድ አልነበረም።

ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ተፈትነው የሠሩላቸውን ትንንሽ የፕሮግራም ክፍሎች በደብተር ይይዙ ነበር። ሲያስፈልጋቸው አንዱ ከሌላው ደብተር በእጁ ይገለብጣል። ችግሩ የሚመጣው ታዲያ እዚሁ ላይ ነው። ሲገለበጥ አንዱ ምልክት ሌላ ይመስላል፣ ቁጥር ይዘለላል። ዋናው ትክክል ሆኖ ሳለ ግልባጩ ይሳሳታል። ይህ ነገር ከሆፐር ልብ አልወጣም።

ወደ እሳት እራቷ እንምጣ። ጊዜው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ነው። ማርክ 2 ላይ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች አንድ ሪሌይ ውስጥ የሞተች እራት አገኙና በመዝገብ ደብተሩ ላይ ለጠፏት። ደብተሩ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። እራቷን ያገኟት ሆፐር ራሳቸው አይደሉም፤ ታሪኩን እየተናገሩ ያስፋፉት ግን እሳቸው ናቸው። ቃሉም ቢሆን ከኤዲሰን ዘመን ጀምሮ በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ሌላው ነገር ነው። ሰዎቹ ማሽኑ ተበላሸ ብለው ብቻ አላለፉም፤ ሰዓቱን፣ ፓኔሉን፣ የሪሌዩን ቁጥር 70 ብለው ጻፉ። ሃያ ማረጋገጫ ደርድሮ አንዱ ሲወድቅ የትኛው እንደሆነ የማይናገር የዛሬ መፈተሻ ኮድ ከዚያ ደብተር ብዙ የሚማረው አለ።

ከደብተር ወደ ኮምፓይለር

በ1949 ዩኒቫክን ወደሚሠራው የኤከርትና ሞክሊ ኩባንያ ተዛወሩ። ሰው ሲገለብጥ የሚሳሳት ከሆነ ለምን ማሽኑ ራሱ አይገለብጥም አሉና በ1952 ኤ-0 የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። ኤ-0 የተዘጋጁ ሰብሩቲኖችን በመለያ ቁጥራቸው ከቴፕ ላይ እየፈለገ ይገጣጥማል። ኮምፒውተር ፕሮግራም አይጽፍም ብለው ያላመኑ ብዙዎች ነበሩ። ቀጥሎም በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፈውን ፍሎው-ማቲክን አወጡ። በ1959 በኮሚቴ መነደፍ ለጀመረው ለኮቦል መሠረት የሆነው ይኸው ቋንቋ ነው። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በጥቂት ለውጥ ብቻ በሁለት ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ማሽን ላይ ሠርቶ ታየ።

ፈታሹ ፕሮግራም

ሆፐር በ1966 መጨረሻ ጡረታ ወጡ። ዕረፍታቸው ግን ብዙም አልቆየም፤ በ1967 የባሕር ኃይሉ መልሶ ጠራቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የኮምፒውተር ሻጭ ኮምፓይለሬ ኮቦል ነው ይላል። አንዱ ላይ የሠራው ፕሮግራም ግን ሌላው ላይ ይወድቃል። ማንን እንመን? የሆፐር ቡድን መልሱን በክርክር አልፈለገውም። የኮቦልን ደንብ አንድ በአንድ የሚፈትሹ ፕሮግራሞች አዘጋጀ። ሻጩ የፈለገውን ቢልም ፈተናው ይናገራል። በዚህ የተነሳ የሻጮቹ ልዩ ልዩ ኮቦሎች እየተቀራረቡ መጡ። በ1980ዎቹ ይህን የፍተሻ ሥራ ዛሬ ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ተረከበው።

የዚህ ሥራ ወራሽ የሆነው የኮቦል 85 መፈተሻ እስከ ዛሬ ግኑኮቦልን ለመፈተን ያገለግላል። ፈተናው ሲወድቅ ማሽኑ ያገኘውንና መገኘት የነበረበትን ውጤት ጎን ለጎን ያትማል። በመጨረሻም የወደቁትን፣ የተሰረዙትንና በዓይን መታየት ያለባቸውን ለየብቻ ቆጥሮ ያሳያል። የተዘለለ ፈተና እንዳለፈ ሆኖ አይቆጠርም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የመግቢያው ጥያቄ ይመለሳል። መፈተሻው የተጻፈው በዚያው በሚፈተሸው ቋንቋ ነው። የተወሳሰበ ከሆነ ስህተቱ የማን እንደሆነ፣ የኮምፓይለሩ ይሁን የራሱ፣ መለየት አይቻልም። ስለዚህ መፈተሻ ኮድ ከሚፈትሸው ኮድ ይበልጥ ቀላልና ግልጽ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2001 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የመፈተሻ ኮድ ጉድለቶችን «ሽታ» ብለው በ11 ከፋፍለው አቅርበዋል። የተደጋገመ ኮድ፣ ማብራሪያ የሌለው የማረጋገጫ ክምርና ከየት እንደመጣ በማይታወቅ የውጭ ፋይል ላይ መመርኮዝ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው ያው የሐርቫርድ የደብተር ግልበጣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ዋናውን ፕሮግራም ሆን ብለን አንድ ቦታ አበላሽተን መፈተሻው ይወድቅ እንደሆነ እንይ፤ ካልወደቀ ያ መፈተሻ ስሙ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በየቦታው የተገለበጠውን ዝግጅት በአንድ ቦታ እንሰብስበው። ሦስተኛ፣ አንድ መፈተሻ አንድ ነገር ብቻ ይፈትሽ፤ ሲወድቅም ምን ጠብቆ ምን እንዳገኘ ይናገር።

የመጨረሻ ዘመን

ሆፐር ከባሕር ኃይል ለመጨረሻ ጊዜ የተሰናበቱት በኦገስት 1986፣ በ79 ዓመታቸው፣ የሪር አድሚራል ማዕረግ ይዘው ነው። ከዚያም በኋላ ቁጭ አላሉም፤ በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ በአማካሪነት እየሠሩ ለወጣቶች ንግግር ያደርጉ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 አርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበሩ። በ2016 ከፍተኛው የአሜሪካ የሲቪል ሽልማት ከሞቱ በኋላ ተሰጣቸው።

እራቷን ማስታወስ ደግ ነው። የሆፐር ትልቁ ውርስ ግን ሠራ የተባለን ነገር በሻጩ ቃል ሳይሆን ሁሉም ሊያነበው በሚችል ፈተና ማረጋገጥ ነው። ሁሉም መፈተሻ አለፈ ተብሎ የሚረከብ ሶፍትዌር ባንክም ሆስፒታልም ይገባል። መፈተሻው የማይታመን ከሆነ ግን ያ ቃል ምን ዋጋ አለው?