ከቶሪኖ ሆስፒታል እስከ ካፋ፦ የአባ ማስያስ ሕይወት

ፈንጣጣ ስሙ ብቻ ሰውን ያስደነግጥ በነበረበት ዘመን፥ በኢትዮጵያ ገጠር እየዞሩ ሕዝቡን ይከትቡ የነበሩ አንድ ኢጣልያዊ መነኩሴ ነበሩ። እኒህ ሰው በአገራቸው ጉልዬልሞ ማሳያ፥ በእኛ አገር አባ ማስያስ ይባላሉ። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አባ ማስያስ በ1809 በፒዬሞንቴ፥ ፒዮቫ በተባለች መንደር ተወለዱ። በወጣትነታቸው የካፑቺን መነኩሴ ሆኑ። በኋላም በቶሪኖ ከተማ በማውሪሲያኖ ሆስፒታል የሕሙማን ቄስ ሆነው ሲያገለግሉ፥ ከሐኪሞቹ አጠገብ ጥቂት የሕክምና ሙያ ቀሰሙ። ይህ ዲፕሎማ የሌለው ትምህርት ኋላ ትልቅ ስንቅ ሆናቸው።

በ1846 ጵጵስና ተሹመው ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ። ብዙ ተንከራትተው በ1852 ጉድሩ፥ በ1859 ካፋ ገቡ። ካፋ እስከ 1897 ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው፥ በጫካ፥ በተቈፈረ ቦይና በኬላ የተጠበቀ አገር ነበር። ቦንጋም ከታወቁት የንጉሡ ከተሞች አንዷ ነበረች።

ከበሽተኛ ቍስል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ በአገራችን ቀድሞም የታወቀ ነበር። ነገር ግን የተከተበው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሚይዘው፥ አንዳንዱ ይሞታል፤ ለሌላውም ያስተላልፋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄነር በ1796 የሞከረው የላም ፈንጣጣ ክትባት ግን ይህን አደጋ እጅግ ቀነሰው። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት በዚያ ዘመን መድኃኒቱ ሳይበላሽ የሚቈየው ከአንዱ ልጅ ክንድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው። እናት ባለፈው ሳምንት የተከተበውን ልጇን መልሳ ካላመጣች ክትባቱ በዚያው ይቋረጣል። ስለዚህ ከታቢው ያለ ሕዝቡ አመኔታ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ሕክምናው ለስብከታቸው በር መክፈቻ እንደ ነበረ አይካድም። ሆኖም ከመባረር አላዳናቸውም፤ በ1861 ከካፋ እንዲወጡ ተደረገ። ከ1868 ጀምሮ በሸዋ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተቀመጡ። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከኢትዮጵያ ወጡ። በ1884 ካርዲናል ተባሉ፤ በ1889 ዐረፉ።

ፈንጣጣ ግን ገና ብዙ ዘመን ሰው ፈጀ። በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ የማጥፋት ዘመቻው ሲጀመር፥ ከውጭ የመጡ ወጣት ፈቃደኞች ከኢትዮጵያውያን ጤና ሠራተኞች ጋር ገጠር ለገጠር ዞሩ። የመጨረሻውም ሕመምተኛ በ1976 ተገኘ። እነርሱም እንደ አባ ማስያስ የእናቶችን ፈቃድ ከየደጁ መለመን ነበረባቸው። ዛሬ ዲፕሎማውን ይዞ ወደ ገጠር የሚወርድ ወጣትም ሹመቱን ከመሥሪያ ቤቱ ያገኛል፤ አመኔታውን ግን የምትሰጠው ልጇን አዝላ የመጣችው እናት ናት።