ትውልዱን የሸሸገ መንገደኛ

በብሪታንያ ደሴት በስተ ምዕራብ ዌልስ የሚባል ተራራማ አገር አለ። ሕዝቡም ከእንግሊዝኛ የተለየ የራሱ ቋንቋ አለው። በዚህ አገር ዴንቢ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ዓመት በጥር ወር አንድ ልጅ ተወለደ። እናቱ ኤልሳቤጥ ፓሪ ባል ሳታገባ ወልዳው ነበረና፥ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ጆን ሮውላንድስ ከሚለው ስሙ ጋራ ዲቃላ የሚል ቃል ተጻፈበት። ሕፃኑ ምንም ሳይበድል ይህ ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳፍረው ኖረ።

እናቱ ትታው ስለ ሄደች ሥጋ ሻጭ የነበረው አያቱ አሳደገው። ነገር ግን ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው አያቱ በድንገት ሞተ። አጎቶቹም ለጥቂት ጊዜ ገንዘብ እየከፈሉ በሰው ቤት አስቀመጡት፤ በኋላ ግን መክፈሉን ተዉት። በ1847 በየካቲት ወር አንድ ሰው ወደ አክስቱ እንደሚወስደው ነግሮት እጁን ይዞ ብዙ መንገድ አስኬደው። የደረሱበት ትልቅ ቤት ግን የአክስቱ ቤት አልነበረም፤ በሴይንት አሳፍ ከተማ ያለው የድኾች መጠለያ ነበረ። ሰውዬው ደወሉን ደወለ፤ ልጁንም አስረክቦ ሄደ። በሩም ከኋላው ተዘጋ።

በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ማንበብና መጻፍ፥ ሒሳብና የዓለምን ካርታ ተማረ። አንድ ቀን እናቱ ድኽነት አስገድዷት ከሌሎች ሁለት ልጆቿ ጋራ ወደዚያው ቤት ገባች። እናቱ መሆኗን ሰዎች ነገሩት እንጂ እርሱ አላወቃትም፤ እርሷም አላቀፈችውም።

በ1856 ከመጠለያው ወጣ፤ ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲዞር ቆይቶም በሊቨርፑል ወደብ የመርከብ አሽከር ሆኖ ተቀጠረ። በ1859 በአሜሪካ አገር ኒው ኦርሊንስ ደረሰ። በዚያች ከተማ ሄንሪ ሆፕ ስታንሊ የሚባል ባለጠጋ የጥጥ ነጋዴ ነበረ። ልጁም የነጋዴውን ስም ለራሱ ወሰደ፤ ከዚያም በኋላ ሄንሪ ስታንሊ ተባለ። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ነጋዴው እንደ ልጁ አድርጎ እንደ ተቀበለው፥ በ1861ም እንደ ሞተ ተናገረ። ነገር ግን ትውልዱን የመረመሩ ሰዎች መዛግብቱን ባገላበጡ ጊዜ ነጋዴው እስከ 1878 በሕይወት እንደ ነበረ አገኙ። አባት ያጣው ልጅ የተመኘውን አባት በብዕሩ የፈጠረ ይመስላል።

በ1862 ወደ ዌልስ ተመልሶ የእናቱን በር አንኳኳ። ድኻና በሽተኛ መሆኑን ባየች ጊዜ ግን ኑሮው ሳይሻሻል እንዳይመለስ ነግራ አሰናበተችው። ስታንሊም ከዚህ በኋላ በሥራው ሊከበር ቈረጠ። በ1868 የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ወኪል ሆኖ የእንግሊዝን ጦር እየተከተለ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ወሬውን ከሁሉ በፊት ወደ ሎንዶን ያደረሰው እርሱ ነው፤ ለዚሁም ሲል አስቀድሞ በሱዌዝ ላለው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ገንዘብ ሰጥቶ ነበር። በ1871ም ጠፋ የተባለውን ሊቪንግስተንን በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር በኡጂጂ አገኘው።

ስሙ በዓለም በተሰማ ጊዜ ምስጢሩ ሊገለጥ ቀረበ። በ1872 የዌልስ ሰዎች ይህ ዝነኛ ሰው የዴንቢው ጆን ሮውላንድስ መሆኑን አወሩ። እርሱ ግን አሜሪካዊ እንደ ሆነ ተናግሮ አገሩንና ዘመዶቹን ካደ።

ከ1874 እስከ 1877 አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ የኰንጎን ወንዝ እስከ ባሕር ድረስ ተከተለ። ሦስቱ አውሮፓውያን ጓደኞቹና ብዙ ተሸካሚዎቹ በመንገድ አለቁ፤ ከአገሩም ሰዎች ብዙዎች በጠመንጃው ተገደሉ። ከ1879 ጀምሮ ለቤልጅግ ንጉሥ ለሁለተኛው ሊዮፖልድ በኰንጎ መንገድ አወጣ። የአገሩ ሰዎችም ቡላ ማታሪ አሉት፤ ትርጓሜውም ድንጋይ ሰባሪ ማለት ነው። ንጉሡም በኋላ ሕዝቡን ጎማ እንዲያመጣ እያስገደደ ታላቅ ግፍ ሠራበት፤ ለዚህም ግፍ በሩን የከፈተው የስታንሊ ድካም ነበረ። በልጅነቱ የተናቀው ሰው ሌሎችን ከመናቅ አልዳነም።

ስታንሊ በ1899 ከእንግሊዝ መንግሥት የሰር ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1904 በግንቦት ወር በሎንዶን ሞተ። ስለ ልደቱና ስለ ድኾች ቤት በመጨረሻ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1909 ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊና ቡላ ማታሪ የሚሉት ስሞች ተቀርጸዋል፤ ጆን ሮውላንድስ የሚለው ግን የለም። የዴንቢ መዝገብ ግን ያንን ስም ጠብቆ አቈየው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።

ከዚህ ታሪክ ልጆች ሁለት ነገር ይማራሉ። አንደኛው፥ ማንም ወላጆቹን መርጦ አይወለድምና በትውልዱ ሊያፍር አይገባውም፤ እፍረቱ ሕፃኑን በጣሉትና በሰደቡት ላይ ነው። ሁለተኛው፥ ግፍን የቀመሰ ሰው ለሌላው መራራት ይገባዋል፤ የሰው ክብሩ በወሰደው ስም ሳይሆን ለባልንጀራው ባደረገው ሥራ ይታወቃልና።