ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የወጨጫ ጽዶች

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ያደግን ተማሪዎች ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን የምናውቃቸው በሃይማኖት ክርክራቸውና በዘመቻቸው ነው። ለሐድያ ልጅማ ስማቸው ግብርንና ጦርን ያስታውሳል። በዚህ ጽሑፍ ግን የንጉሡን ሕይወት ብዙ ባልተነገረለት በኩል፣ ይኸውም በደን በኩል፣ ልንመለከተው አስበናል።

ንጉሡ በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር ተወለዱ፤ አባታቸው ዐፄ ዳዊት ናቸው። በ1426 ዓ.ም. ነግሠው እስከ 1460 ዓ.ም. 34 ዓመት ገዙ። ደብረ ብርሃንን ቆረቆሩ፤ መጽሐፈ ብርሃንን የመሰሉ መጻሕፍት ጻፉ። ካህናት በሰንበት ሕዝቡን እንዲያስተምሩም በብርቱ አዘዙ። ጭካኔያቸውን አንሸሽግም፤ ባዕድ አምልኮ ፈጽመዋል የተባሉትን ሲቀጡ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ አልራሩም።

ከአገራችን ጋር የተዛመዱት በጋብቻ ነው። የሐድያው ገራድ ልጅ እሌኒ የንጉሡ ሚስት ሆነች፤ ከእርሳቸው ሞት በኋላም በነገሥታቱ ዘንድ ታላቅ አማካሪ ሆና ኖረች። (የያኔው ሐድያ ከዛሬው ዞን እጅግ የሰፋ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።) ገራድ ማሒኮ ግብር አልከፍልም ብሎ በሸፈተ ጊዜ ግን ዝምድናው ጦሩን አላስቀረውም።

አሁን ወደ ደኑ እንሂድ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የወጨጫ ተራራ በዚያ ዘመን ተራቁቶ ነበር ይባላል። ንጉሡም ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በተራራው ላይ አስተከሉ፤ እንዳይቆረጥም አስጠበቁ ሲል የአገሩ አፈ ታሪክ ይተርካል። ዛሬ መናገሻ ሱባ የምንለው ደን ይህ ነው። ከጽዱ ጋር ዝግባና ኮሶ ይገኙበታል፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል። በደብረ ብርሃን የነበረው ቤተ መንግሥታቸው ጠፍቶ ደኑ መትረፉ ሁልጊዜ ያስደንቀናል።

ነገር ግን ትእዛዝ የሚሠራው አዛዡ እስካለ ድረስ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት ስላለቀ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ያዳናት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። አገር በቀሉን ጽድ እንጂ ባሕር ዛፍን እንደ ደን ለመቁጠር እኛ እንቸገራለን፤ ጉሬዛም የሚስማማን ይመስለናል!

ንጉሡ ሰንበትን በጉባኤና በመጽሐፍ አስተማሩ፤ ዛፉን ግን በዘበኛ አስጠበቁ። ገበሬው ጽዱ ለምንጩና ለአፈሩ ምን እንደሚሠራ ቢነገረው ኖሮ ዘበኛው ሲተኛ እንኳ መጥረቢያውን ባላነሣ ነበር እንላለን። በእኛም በኩል ነገሩ ቀላል አይደለም። በከምባታ የሀምበሪቾ ተራራ፣ በሐድያ የቦዮ ሐይቅና የውኃ ወፎቹ አሉልን። በዙሪያቸው ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ማሳ ፈልጎ ወደ ውኃው ዳር የሚጠጋውን ወጣት በዘበኛ ብቻ ማስቆም አይቻልም።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ፣ ከእያንዳንዱ ወረዳ ሁለት ሁለት ሆነን በሰፈራችን ላሉ ተማሪዎች ይህን የወጨጫ ታሪክ እንድንነግር ሐሳብ አቅርበናል። የቦዮ ልጆች በቅድሚያ ይመዝገቡ፤ ወፎቹን በሐድይኛ ስማቸው የሚያውቁልን እነርሱ ናቸውና።