ፍሎ ሃይማን፦ ከመረቡ በላይ ከፍ ያለችው ስፖርተኛ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሎ መረብ ከተወጠረ ተጫዋች አይጠፋም። ይህንኑ ጨዋታ መተዳደሪያቸው ካደረጉ ሴቶች መካከል ስሟ ቀድሞ የሚነሣው አሜሪካዊቷ ፍሎ ሃይማን ናት።

ሃይማን ሐምሌ 24 ቀን 1946 ዓ.ም በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ኢንግልዉድ ከተማ ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእኩዮቿ ሁሉ ትረዝም ነበር፤ በዚህም ታፍር ነበር። ረጅም ልጃገረድ መሳቂያ የምትሆነው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኋላ ግን 1 ሜትር ከ96 ሴንቲ ሜትር የደረሰው ቁመቷ እንጀራዋ ሆነ። በስፖርት ችሎታዋ ነጻ የትምህርት ዕድል በማግኘትም በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ትምህርቷን አቋርጣ ብሔራዊ ቡድኑን ብትቀላቀልም ክብሩ በቶሎ አልመጣም። ቡድኑ ለ1968ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሳያልፍ ቀረ። ለ1972ቱ የሞስኮ ውድድር ቢያልፍም መንግሥቷ በፖለቲካ ምክንያት ራሱን አገለለ። የእኛ ምሩጽ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ባጠለቀበት በዚያው መድረክ፣ ዓመታት የለፋችበት ላብ ከንቱ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነና ኢትዮጵያ ከሎስ አንጀለስ ቀረች፤ ስፖርተኛ በማያውቀው ጠብ መቀጣቱ ያኔ የተለመደ ነበር።

በሎስ አንጀለስ የሃይማን ቡድን በምድብ ጨዋታ ቻይናን ቢያሸንፍም በፍጻሜው 3 ለ 0 ተረታ። ሠላሳ ዓመት የሞላት ሃይማን የብር ሜዳሊያ አገኘች።

በአገሯ ለሴቶች ደመወዝ የሚከፍል ሊግ ስላልነበረ ወደ ጃፓን አቅንታ ለዳይኤ ቡድን ተሰለፈች። ጥር 16 ቀን 1978 ዓ.ም በማትሱኤ ከተማ ጨዋታ ላይ ሳለች ተቀይራ ወጣች፤ ከተቀመጠችበት ወንበርም ተንሸራትታ ወደቀች። በዚያው ምሽት በ31 ዓመቷ ዐረፈች።

በመጀመሪያ የልብ ድካም ነው ተባለ። ቤተሰቦቿ አስከሬኗ እንዲመረመር ባደረጉ ጊዜ ግን ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ተሰንጥቆ ተገኘ። መነሻውም ማርፋን የተባለ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነበር። ሕመሙ ያለባቸው ብዙዎቹ ቀጫጭንና ረጃጅም፣ እጅና ጣታቸውም የረዘመ ነው፤ ረጅም ሰው ሁሉ ግን በሽተኛ አይደለም። በዚያ ሁሉ የውድድር ዘመኗ ሕመሟን ያወቀ ሐኪም አልነበረም።

ከሞቷ በኋላ ወንድሟ ተመረመረ። የእርሱም የደም ሥር ሰፍቶ ተገኘ፤ ሐኪሞች ሳይፈነዳ ደርሰው በቀዶ ሕክምና አተረፉት።